ቁጥሩን ማን ይስጥ? ስለ ዳታቤዝና ስለ ተራ ቁጥር



በዚህ እትም የኮምፒዩተር ትምህርት ገጽ ላይ ትንሽ የምትመስል፣ ነገር ግን ሰውን ከሰው የምታጣላ ጉዳይ ይዤ መጥቻለሁ። በመዝገብ ውስጥ አዲስ ሰው ስናስገባ ተራ ቁጥሩን ማን ይስጠው? እኛ ቆጥረን እንስጠው ወይስ ዳታቤዙ ራሱ ይስጠው? የኮምፒዩተር ኮርስ የጀመራችሁ ወንድሞችና እህቶች ነገሩን በክፍል ውስጥ በአንድ ዓረፍተ ነገር አልፋችሁት ይሆናል። ኮርስ ያልጀመራችሁም አንብቡት። ኩፓት ሖሊም ሄዳችሁ ወረፋ ይዛችሁ የምታውቁ ከሆነ ግማሹን ከወዲሁ ታውቁታላችሁ።

ቃላቱን አስቀድመን እንያዝ። ዳታቤዝ ማለት በኮምፒዩተር ውስጥ በሥርዓት የተቀመጠ መዝገብ ነው። መዝገቡ በሠንጠረዥ ይከፈላል፤ በዕብራይስጥ ጣብላ ይሉታል። እያንዳንዱ ሰው ወይም ቤተሰብ በአንድ ረድፍ ይጻፋል፤ ይህ ሹራ ነው። ስም፣ የቤት ቁጥር፣ ስልክ የሚጻፍባቸው ደግሞ ዓምዶች ናቸው፤ ዓሙዳ ይባላሉ፣ ከኛው ቃል ጋር አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። አንዱን ረድፍ ከሌላው የሚለየው ማፍቴያሕ ራሺ፣ ዋና ቁልፍ ይባላል። በአንድ እየጨመረ የሚሄደውን ቁጥር ዕብራይስጡ ሚስፓር ራጽ ይለዋል፤ የሚሮጥ ቁጥር ማለት ነው። «ራጽ» እና «ሮጠ» ዘመዳሞች መሆናቸውን ልብ ካላችሁ ቃሉ አይጠፋችሁም።

አሁን የራሴን ጥፋት ልናገር።

አንድ ክረምት፣ እኔ በነበርኩበት መርካዝ ክሊታ የብርድ ልብስና የማሞቂያ ዕደላ ነበር። እኔና አንዲት ጓደኛዬ በፈቃደኝነት መዝጋቢዎች ሆንን። ሁለት ኮምፒዩተር፣ አንድ የጋራ ሠንጠረዥ። እያንዳንዱ ቤተሰብ ሲመዘገብ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ቁጥሩ በካርድ ላይ ይጻፍለታል፣ ማታ ካርዱን አሳይቶ ዕቃውን ይወስዳል። ፕሮግራሟን የጻፍኳት እኔ ነኝ። ኮርስ ከጀመርኩ ገና ሦስት ወሬ ነበር፣ ኩራቴ ግን የሦስት ዓመት ነበር። ፕሮግራሟ የምትሠራው ይህንን ነው፦ ሠንጠረዡን «ካሉት ቁጥሮች ትልቁ ስንት ነው?» ብላ ትጠይቃለች፣ በመልሱ ላይ 1 ትደምራለች፣ አዲሱን ቤተሰብ በዚያ ቁጥር ትጽፋለች። ቤቴ ብቻዬን ሆኜ ስሞክራት አንድም ቀን አልተሳሳተችም።

በዕደላው ቀን ግን ሁለት ነበርን። 46ኛው ቤተሰብ ተመዝግቦ ካበቃ በኋላ ሁለት ቤተሰቦች በአንድ ጊዜ መጡ፣ አንዱ ወደኔ፣ አንዱ ወደ ጓደኛዬ። የኔ ኮምፒዩተር ጠየቀ፤ «46» ተባለ። የጓደኛዬም ጠየቀ፤ የኔ 47 ገና አልተጻፈማ፣ እሱም «46» ተባለ። እኔ 47 ብዬ ጻፍኩ። እሷም 47 ብላ ጻፈች። ሁለት ካርድ ወጣ፤ ሁለቱም ላይ 47።

ማታ አንዲት አረጋዊት እናት ካርዳቸውን ይዘው ቀረቡ። አዳዩ ዝርዝሩን ቢያይ 47 ላይ «ወስዷል» የሚል ምልክት አለ።

«እማማ፣ እርስዎ ወስደዋል እኮ» አላቸው።

«ልጄ፣ ምኑን ወሰድኩ? ይኸው እጄ ባዶውን ነው።»

«ዝርዝሩ ነው የሚለው፣ እኔ አይደለሁም።»

ሰልፉ በሙሉ ያያል። እሳቸው ካርዷን አጥፈው በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩና «እኔ ሁለቴ አልወስድም» ብለው ሄዱ። ነገሩን ያወቅነው ከሰዓታት በኋላ ሁለቱን 47 ጎን ለጎን ስናይ ነው። በማግሥቱ ብርድ ልብሱንና ማሞቂያውን ተሸክሜ ቤታቸው ሄድኩ። ተቀበሉኝ፣ ቡናም አፈሉልኝ። ግን ያቺን ሌሊት በብርድ አሳልፈዋል፣ በሰው ፊትም አፍረዋል። ከዚያ ወዲህ በማናቸውም ምዝገባ ላይ ሲያገኙኝ ካርዱን ወደ ብርሃን አንስተው «ይሄኛውስ የኔ ብቻ ነው?» ይሉኛል።

ታዲያ ፕሮግራሟ የት ላይ ተሳሳተች? መደመሩ ልክ ነው። ስሕተቱ በጥያቄውና በጽሕፈቱ መካከል ባለችው ቅጽበት ነው።

በዚህ አገር ክሊኒክ ስትገቡ ሰው ሁሉ ተቀምጧል፣ ሰልፍ የለም። የምትጠይቁት «ሚ አሐሮን?» ብላችሁ ነው፤ የመጨረሻው ማነው ማለት ነው። አንዱ እጁን ያነሣል፣ እናንተም «አኒ አሐሬኻ» ብላችሁ ከሱ ቀጥሎ ትሆናላችሁ። ጥሩ ሥርዓት ነው፣ ሁለት ሰው በሁለት በር በአንድ ጊዜ እስኪገባ ድረስ። ሁለቱም ይጠይቃሉ፣ ሁለቱም አንድ ሰው ይጠቆማሉ፣ ሁለቱም «ከሱ ቀጥሎ እኔ ነኝ» ብለው ይቀመጣሉ። ማንም አልዋሸም። ጠቡ የሚነሣው በሩ ሲከፈት ነው። «አኒ ራክ ሸኤላ» ብሎ፣ ጥያቄ ብቻ ነው ያለኝ እያለ የሚገባውን ሰው አልቆጠርኩትም፤ ለእሱ ኮምፒዩተርም መድኃኒት የለውም።

«ትልቁን ጠይቅና አንድ ደምር» የሚለው አሠራር «ሚ አሐሮን» ነው።

ሌላው ሥርዓት ቁጥር የሚቀደድበት ጥቅል ወረቀት ነው። እዚያ ማንንም አትጠይቁም። እጃችሁን ዘርግታችሁ ወረቀቱን ትስባላችሁ፣ የወጣላችሁ ቁጥር የናንተ ነው። ሁለት እጅ በአንድ ጊዜ ቢዘረጋ እንኳ ጥቅሉ የሚያወጣው አንድ በአንድ ነው፤ አንዱ 47 ይደርሰዋል፣ ሌላው 48። ማየቱና መውሰዱ አንድ ድርጊት ስለሆነ ማንም መካከላቸው አይገባም።

ዳታቤዞች ይህ ጥቅል በውስጣቸው አላቸው። ስሙ እንደየዳታቤዙ ይለያያል። በማይኤስኪውኤል ሠንጠረዡ ሲሠራ ከቁጥሩ ዓምድ አጠገብ «አውቶ ኢንክሪመንት» ተብሎ ይጻፋል። በማይክሮሶፍት ኤስኪውኤል ሰርቨር «አይደንቲቲ» ነው። በማይክሮሶፍት አክሰስ «አውቶናምበር» ይባላል፣ በዕብራይስጡ እትም ሚስፑር ኦቶማቲ። ኦራክል ለረጅም ዘመን «ሲክወንስ» የሚባል ራሱን የቻለ ቁጥር ሰጪ ነበረው፤ ከሠንጠረዡ ጋር የተያያዘውን «አይደንቲቲ» የጨመረው እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው 12ኛው እትሙ ነው። ፖስትግሬስ በፊት «ሲሪያል» ይል ነበር፣ ከ2017ቱ 10ኛ እትም ወዲህ «ጄኔሬትድ አልወይስ አዝ አይደንቲቲ» ማለት ይቻላል። ረጅም ነው፣ ግን ከ2003 ጀምሮ በኤስኪውኤል ቋንቋ ደረጃ ውስጥ የገባው አጻጻፍ ይህ ስለሆነ እኔ የምመርጠው እሱን ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራችሁ ይቀላል። አዲስ ረድፍ ስታስገቡ ስሙን፣ የቤት ቁጥሩን፣ ስልኩን ትሰጣላችሁ፤ የቁጥሩን ዓምድ ግን ጨርሶ አትጠሩትም፣ ትዘሉታላችሁ። ዳታቤዙ ከጥቅሉ ቀድዶ ይሞላዋል። ጀማሪ የሚቸገረው እዚህ ላይ ነው፤ ባዶ የተውነው ዓምድ ባዶ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም።

አንድ ነገር ልጨምር። የቁጥሩን ዓምድ ዋና ቁልፍ ብዬ አውጄው ቢሆን ኖሮ ያ ሁሉ አይደርስም ነበር። ዋና ቁልፍ ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር አይቀበልም። ሁለተኛው 47 ሲመጣ ዳታቤዙ «ይህ ቁጥር ተይዟል» ብሎ በቀይ ይጮህ ነበር፣ ጓደኛዬም እንደገና ትሞክር ነበር። እኔ ግን «ፕሮግራሟ ራሷ ትቆጥራለች» ብዬ ሳላውጀው ተውኩት። የሚጮህ ስሕተት ዝም ካለ ስሕተት ይሻላል። ስለዚህ ሁለቱም ይኑሩ፦ ጥቅሉ ቁጥር እንዲሰጥ፣ ቁልፉ ድግግሞሽ እንዲከለክል።

«ቁጥር ለምን አስፈለገ፣ ስም አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። እኛ ዘንድ አይበቃም። አገር ቤት ስማችንና ያባታችን ስም ነበር። እዚህ ቅጹ ሼም ሚሽፓሓ ይጠይቃል። ታላቅ ወንድም ያያቱን ስም ሰጠ፣ ታናሹ ካመት በኋላ መጥቶ ያባቱን ስም ሰጠ፣ በወረቀት ላይ ወንድማማችነታቸው ጠፋ። አንዱ ጸሐፊ ስማችንን በአሌፍ ይጽፈዋል፣ ሌላው በዓይን፤ አንዱ በጤት፣ ሌላው በታቭ። በአማርኛ ብንጽፈውም አንድርቅም፤ ለኛ «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» አንድ ሰው ነው፣ ለኮምፒዩተሩ ሁለት ነው። የልደት ቀንም አያድነንም፤ ከኛ ውስጥ ብዙ ሰው ልደቱ በግምት ነው የተጻፈለት። እ.ኤ.አ. በሜይ 1991 በዘመቻ ሰለሞን በአንድ ቀን ተኩል ያህል ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ሲጓጓዝ ብዙዎቹ ቁጥር ተለጥፎባቸው እንደገቡ ፎቶግራፎቹ ያሳያሉ። ለአንዳንዶቹ ያ ትዝታ እስከ ዛሬ አይጥምም፣ እውነት አላቸው። ግን በዚያ ጥድፊያ ስም ብቻ ይዞ ቤተሰብ ከቤተሰብ መለየት ምን ያህል ይከብድ እንደነበር መገመት ይቻላል።

«እሺ፣ የትዑዳት ዜሁት ቁጥር አለ አይደል?» ትሉኝ ይሆናል። አለ፣ ዘጠኝ አሃዝ ነው። እንደ ማንኛውም መረጃ በራሱ ዓምድ ይጻፍ፤ ዋና ቁልፍ ግን አታድርጉት። አንደኛ የሰው ምስጢር ነው፣ በብርድ ልብስ ካርድ ላይ የሚጻፍ አይደለም። ሁለተኛ የሰው ቁጥር እንጂ የቤተሰብ ቁጥር አይደለም። ሦስተኛ አንዴ ተሳስቶ ከተጻፈ መታረም አለበት፣ ሲታረም ደግሞ በሱ ላይ የተንጠለጠለው ሁሉ አብሮ መታረም ይኖርበታል። ዋና ቁልፍ ምንም ትርጉም የሌለው፣ የማይለወጥ፣ ለማንም ምንም የማይናገር ቁጥር ቢሆን ይመረጣል።

መንገዴን ስቼ ስለዚሁ ቁጥር አንዲት ነገር ላሳያችሁ፣ ደስ ትላለች። ዘጠነኛው አሃዝ ሲፍራት ቢኮሬት፣ የመቆጣጠሪያ አሃዝ ነው። የመጀመሪያዎቹን ስምንት አሃዞች በተራ በ1፣ በ2፣ በ1፣ በ2 አባዙ። ብዜቱ ሁለት አሃዝ ከሆነ አሃዞቹን ደምሩ፤ 12 ከሆነ 3፣ 16 ከሆነ 7። ሁሉንም ደምሩና ቀጥሎ ወዳለው የ10 ብዜት ለመድረስ የጎደለውን ፈልጉ። ለምሳሌ 12345678 ብንወስድ ድምሩ 38 ይመጣል፣ 40 ለመሙላት 2 ይጎድላል፣ ስለዚህ ሙሉው 123456782 ነው። አንዷን አሃዝ ብትስቱ ሒሳቡ ይፋለሳል፣ ኮምፒዩተሩም ወዲያው ይነቃል። የሚሮጠው ቁጥር ይህ ጠባቂ የለውም፤ 47 ለማለት 74 ብትሉ ዝም ብሎ የሌላ ሰው በር ይከፍትላችኋል። በካርድ ላይ ከቁጥሩ ጋር ስምም ይጻፍ የምለው ለዚህ ነው።

ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በሚቀጥለው ዕደላ ፕሮግራሟን በፖስትግሬስ ጥቅል አስተካከልኳት፣ ድግግሞሽ ጠፋ። ሌላ ጣጣ ግን መጣ። ዕደላው አልቆ ዝርዝሩ ሲታተም ከቫዓዱ አንድ ሽማግሌ መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡ። 50፣ 51፣ 53።

«52 የት ሄደ?» አሉ።

«የለም፣ አባባ።»

«እንዴት የለም? አንድ ብርድ ልብስ ወጥቷል ማለት ነው። ስሙን አጥፍታችሁት ነው።»

ጓደኛዬ ፊቷ ቀላ። የሆነው ይህ ነበር፦ አንድ ቤተሰብ መዝግባ ልጆቹን ስትጽፍ ቤተሰቡ ጠዋት በሌላ ቁጥር መመዝገቡን አየችና «ሰርዝ» ነካች። ምዝገባው በሙሉ ተመለሰ፣ እንዳልተጻፈ ሆነ። ቁጥሩ ግን አልተመለሰም። ወረቀት ቀድዳችሁ ወረፋው ረዝሞባችሁ ብትሄዱ ቁጥራችሁን ማንም መልሶ ጥቅሉ ላይ አይለጥፈውም። ብዙዎቹ ዳታቤዞች እንዲሁ ናቸው፣ ሆን ተብሎም የተደረገ ነው። ቁጥሩ የሚመለስ ቢሆን 53ን የያዘው ሰው 52ን የያዘው ጨርሶ እስኪወስን ቆሞ መጠበቅ ነበረበት። ኤስኪውኤል ሰርቨርማ ከ2012 እትሙ ወዲህ ማሽኑ በድንገት ቢጠፋ ሲነሣ አንድ ሺህ ያህል ቁጥር ዘልሎ ሊቀጥል ይችላል። ቁጥሮችን በብዛት አስቀድሞ ስለሚያዘጋጅ ነው እንጂ የሰረቀ የለም።

ለሽማግሌው ያስረዳሁት በደረሰኝ ጥራዝ ነው። አገር ቤት በመሥሪያ ቤት ሠርተው ስለነበር ወዲያው ገባቸው። የደረሰኝ ቁጥር ገንዘቡ ሳይመጣ በማተሚያ ቤት ታትሞ ይቀመጣል። ጸሐፊው ሲጽፍ ቢሳሳት ያን ቅጠል ቀድዶ አይጥለውም፤ አስምሮበት ከነቅጂው በጥራዙ ላይ ይተወዋል። የሚቀጥለው ሰው የሚቀጥለውን ቁጥር ይወስዳል። «ታዲያ የተሠረዘውን ቅጠል አሳየኛ» አሉኝ። እዚህ ላይ ግን ረቱኝ። ዳታቤዙ የተሠረዘውን ቅጠል አያስቀምጥም፣ ቁጥሩ ብቻ ነው የሚጎድለው።

ስለዚህ ሁለት ነገር እንለይ። መታወቂያ የሚሆነው ቁጥር ቢዘል ምንም አይደለም፤ ሥራው መለየት ነው እንጂ መቁጠር አይደለም። ስንት ቤተሰብ እንዳለ ማወቅ ከፈለጋችሁ የመጨረሻውን ቁጥር አትዩ፣ ረድፎቹን ቁጠሩ፤ «ካውንት» የተባለው ትእዛዝ ለዚህ ነው። ያለ ክፍተት መሄድ ያለበት ቁጥር ሲኖር ደግሞ፣ ለምሳሌ በዚህ አገር ነጋዴ የሚሰጠው ሐሽቦኒት ማስ ቁጥሩ በተከታታይ መሄድ አለበት፣ በአውቶማቲኩ ቁጥር አትመኩ። ለዚያ ለብቻው አንድ ረድፍ ያለው ትንሽ ሠንጠረዥ ይሠራል። ቁጥር ፈላጊው ረድፉን ቆልፎ ይወስዳል፣ ደረሰኙን ይጽፋል፣ ሁለቱን በአንድ ላይ ያጸድቃል፤ ሌላው እስከዚያ በር ላይ ይቆማል። ይዘገያል፤ ግን ሕጉ የሚጠይቀው እሱን ነው። በዕደላው ላይም «የተሰረዙ» የሚል ሠንጠረዥ ጨመርን፣ ቁጥሩና ምክንያቱ ይጻፍበታል። ይህን ያመጡት ሽማግሌው ናቸው እንጂ እኔ አይደለሁም።

አሁን ወደ ዋናው አደገኛ ቦታ ደርሰናል። ቤተሰብ በአንድ ሠንጠረዥ፣ ልጆች በሌላ ሠንጠረዥ ይጻፋሉ። በእያንዳንዱ ልጅ ረድፍ ላይ የቤተሰቡ ቁጥር ይቀመጣል፤ ልጁ የማን እንደሆነ የሚታወቀው በሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ቤተሰቡን ካስገባችሁ በኋላ ዳታቤዙ ስንት ቁጥር እንደሰጠው ማወቅ አለባችሁ። ጀማሪ ምን ያደርጋል? ያቺኑ አሮጌ ጥያቄ ያመጣል፦ «ትልቁ ስንት ነው?» በመካከል ሌላ መዝጋቢ ሌላ ቤተሰብ ካስገባ ትልቁ የናንተ አይደለም፣ የጎረቤት ነው። በልምምድ ላይ ይህ ሲሆን አይቻለሁ፤ የአንዲት እናት ሴት ልጅ በጎረቤት ቤተሰብ ሥር ተጽፋ ወጣች። ልምምድ ስለነበር ሳቅን። የትምህርት ቤት ምዝገባ ወይም የክትባት ዝርዝር ቢሆንስ?

የራሳችሁን ቁጥር የምትጠይቁበት መንገድ አለ። በፖስትግሬስ በማስገቢያው ትእዛዝ መጨረሻ «ሪተርኒንግ» ብላችሁ የቁጥሩን ዓምድ ስትጠሩ፣ ረድፉን እንዳስገባ ቁጥሩን በዚያው እጅ ይመልስላችኋል። በማይኤስኪውኤል «ላስት ኢንሰርት አይዲ» አለ፤ እሱ የሚናገረው በናንተ መስመር የተሰጠውን የመጨረሻ ቁጥር ብቻ ነው፣ ጎረቤት ያስገባውን አያይም። በኤስኪውኤል ሰርቨር «ስኮፕ አይደንቲቲ» ይባላል። በእጃችሁ የያዛችሁትን ወረቀት እዩ፣ ግድግዳው ላይ የሚበራውን ቁጥር አትዩ።

አሮጌ ዝርዝር ወደ አዲስ ዳታቤዝ ስታዛውሩም ተጠንቀቁ። ከ1 እስከ 46 ያሉትን ከነቁጥራቸው ብታስገቡ የፖስትግሬስ ጥቅል ይህን አያውቅም፣ እሱ ገና 1 ላይ ነው። የመጀመሪያውን አዲስ ቤተሰብ ስትመዘግቡ 1ን ይቀድዳል፣ ቁልፉም «ተይዟል» ብሎ ይጮሃል። ሰው ደንግጦ ዳታቤዙ ተበላሸ ይላል። ጥቅሉን ወደ 47 ማድረስ ብቻ ነው፤ «ሴትቫል» የሚባል ትእዛዝ አለው። «አልወይስ» የሚለውን ቃል የምወድበትም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ካለ ሰው በዝንጉነት በእጁ ቁጥር ሲጽፍ ዳታቤዙ እምቢ ይላል።

የተሰረዘ ሰው ቁጥር ለሌላ ይሰጥ ወይ? አይሰጥ። ከመርካዙ የወጣ ቤተሰብ ካርድ በሰው ኪስ፣ በሐኪም ማስታወሻ ውስጥ ይኖራል። በስልካችን ውስጥ እንኳ ያለው ትንሹ ዳታቤዝ ኤስኪውኤላይት ካልተነገረው በቀር የመጨረሻው ረድፍ ሲሰረዝ ቁጥሩን መልሶ ይሰጣል፤ «አውቶኢንክሪመንት» የሚለው ቃል ሲጨመርበት ነው የሚተወው። ማይኤስኪውኤልም ከ2018ቱ 8.0 እትም በፊት ቆጣሪውን በጊዜያዊ ትዝታው ብቻ ይይዝ ስለነበር፣ ጠፍቶ ሲነሣ ያለውን ትልቅ ቁጥር አይቶ ከዚያ ይቀጥል ነበር፤ የተሰረዙት የመጨረሻ ቁጥሮች በዚህ ሰበብ ተመልሰው ይሰጡ ነበር።

ኢንተርኔት በሌለበት ሁለት ቦታ ተመዝግቦ ማታ የሚቀላቀል ከሆነ አንድ ጥቅል አይበቃም። አንዱ ኮምፒዩተር ጎዶሎ ቁጥሮችን፣ ሌላው ሙሉ ቁጥሮችን ይስጥ፤ ማይኤስኪውኤል ለዚህ ማስተካከያ አለው። ወይም ደግሞ ዩዩአይዲ የሚባለውን ረጅም መለያ ተጠቀሙ፤ ከነሰረዙ 36 ፊደል ስለሆነ በካርድ ላይ ለመጻፍ አይመችም፣ እማማም ወደ ብርሃን አንስተው አያነቡትም።

ሁለት ነገር ባጭሩ። ተራ ቁጥር ምስጢር አይጠብቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተባበሩት አገሮች ሊቃውንት ከተማረኩ የጀርመን ታንኮች ላይ ተከታታይ ቁጥሮችን ለቅመው በወር ስንት ታንክ እንደሚሠራ አስሉ። የስለላው ግምት ወደ 1,400 ነበር፣ የሊቃውንቱ 246፤ ከጦርነቱ በኋላ የጀርመን መዝገብ ሲታይ 245 ሆኖ ተገኘ። እናንተም በኢንተርኔት አድራሻ ላይ 47 ካሳያችሁ አንዱ 48 ብሎ ይሞክራል። ስለዚህ ገጹ ከመከፈቱ በፊት ፈቃድ ይጠየቅ። ሁለተኛው ጥቅሉም ያልቃል። ተራው የቁጥር ዓምድ እስከ 2,147,483,647 ይደርሳል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2018 ቤዝካምፕ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ አንድ ሠንጠረዡ እዚህ ቁጥር ላይ ደርሶ ደንበኞቹ ለአምስት ሰዓት ያህል ማንበብ እንጂ መጻፍ አልቻሉም። «ቢግኢንት» የሚባለውን ዓምድ ከመጀመሪያው ከመረጣችሁ 19 አሃዝ ድረስ ይሄዳል፤ ለኛ መርካዝ ይተርፋል።

የቤት ሥራ። በአንድ ሠንጠረዥ 9 ረድፎች አሉ፣ ትልቁ ቁጥር 12 ነው። ስንት ቤተሰብ ተመዝግቧል? የጎደሉት ሦስቱ ቁጥሮች ምን ሆነው ሊሆን ይችላል? ቢያንስ ሁለት ምክንያት በዕብራይስጥ ጽፋችሁ ወደ ክፍል አምጡ፤ ጣብላ፣ ሹራ እና ሚስፓር ራጽ የሚሉት ቃላት በጽሑፋችሁ ውስጥ ይግቡ።